እርሳሱን ለሚፈራው ልጅ

«አትፍራ!» ማለት ቀላል ነው። በየቤታችን በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን! ልጁ ጨለማ ሲፈራ «አትፍራ»፤ እንግዳ ሲመጣ ከእናቱ ኋላ ሲደበቅ «ወንድ ልጅ አይፈራም»፤ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል ሆዱን ሲቆርጠው ደግሞ «ሰበብ ነው!» እንላለን። ለመሆኑ ውድ አንባብያን፣ በትእዛዝ ፍርሃቱ የለቀቀው ልጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ያየሁት ሌላ ነገር ነውና እርሱን ላካፍላችሁ።

የእህቴ ልጅ በ2009 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን ይወዳል፤ ቁርኣን ሲቀራ ድምፁ ደስ ይላል። ነገር ግን ሥጋት የማይለቀው ልጅ ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ ማለት ብንረሳስ?» ይላል። ማታ በሩ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ያያል። በዚያ ዓመት ጥር ወር፣ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት፣ የሰፈራችን ኡስታዝ ዐሥራ ሁለት ልጆች ይዘው ስድስት ኪሎ ወዳለው አንበሳ ግቢ ለመሄድ ሲያስቡ እናቱ «ይቅርበት ይሆን?» ብላ አማከረችኝ። እኔ አብሬው ልሄድ ተስማማን።

አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ነው። የአንበሶቹ ጋማ ጥቁር ሆኖ ከአንገታቸው በደረታቸው አልፎ እስከ ሆዳቸው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በዘራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህን ሁሉ ለልጁ በመንገድ ላይ ነገርኩት። እርሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አክስቴ፣ በሩ ቢከፈትስ?»

ኡስታዙ ልጆቹን በአራት በአራት ከፋፍለው ለየቡድኑ ሦስት እንቆቅልሽ የተጻፈበት ወረቀት ሰጡ። የመልሶቹ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ አንድ ቃል ይወጣል። ያን ቃል ይዞ ቀድሞ የመጣ ቡድን አሸናፊ ነው። ከዚያም እርሳሱን ለእህቴ ልጅ አቀበሉትና «ጸሐፊው አንተ ነህ፤ ያልጻፍከው መልስ አይቆጠርም» አሉት።

የመጀመሪያው «ከድመት ዘመዶች ሁሉ ወንዱ ከሴቷ በጋማው የሚለይ ማን ነው?» የሚል ነበር። አራቱም በአንድ ድምፅ «አንበሳ!» አሉ። ሁለተኛው «የዶሮ ልጅ ጫጩት፣ የበግ ልጅ ግልገል፤ የእርሱስ ልጅ ማን ይባላል?» ይላል። እዚህ ላይ ትልልቆቹ ጸጥ አሉ። ከሁሉም ትንሿ ልጅ ግን ከአያቷ የሰማችው ነበርና «ደቦል!» አለች። በዚህ መካከል አንዱ አንበሳ አገሣ። የአንበሳ ግሣት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል ይባላል፤ እኛ ደግሞ የቆምነው ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ነበር! ልጁ ክንዴን ጨመቀው፤ ከንፈሩ ደረቀ። ትንሿ ልጅ ግን ፊቱ ቆማ «ደቦልን ጻፍከው? ጻፈው እንጂ!» አለችው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጻፈው።

ሦስተኛው «ቤቱን ተሸክሞ የሚዞረው ሲደነግጥ ምኑን ያስገባል?» የሚል ነው። ወደ ዔሊዋ ሮጡ፤ ዔሊዋ ግን ተሰብስባ ድንጋይ መስላለች። አንደኛው ልጅ በእንጨት ሊያንኳኳት ሲል የእህቴ ልጅ «ተዋት፤ ዝም ካልን ራሷ ትወጣለች» አለ። ዝም አሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወጣች። ሦስቱ «አንገት ነው!» ብለው ጮኹ። አ፣ ደ፣ አ። «አድአ! የጤፉ አገር!» ብሎ አንዱ ሞገተ። የእህቴ ልጅ ግን በሩን ሦስት ጊዜ የሚያየውን ያህል ወረቀቱንም ደጋግሞ አየው። በግርጌው በደቃቅ ጽሑፍ «ሰው ኮፍያ የሚያደርግበት ነው» የሚል ነበረበት። ለትንሿ ልጅ በጆሮዋ ነገራት። እርሷም «አንተው ንገራቸው» አለችው። ቀስ ብሎ «ራስ» አለ። ቃሉም «አደራ» ሆነ።

ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። ልጁም በዚያ ቀን ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ማታም በሩን አይቷል። ነገር ግን ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርገው ያ መጠራጠሩ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ሌሎቹ ያላዩትን የሚያይ ዓይን ሆነለት። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል የብዙውን ኃይል እናስባለን። ድሩ ግን የሚያብረው እያንዳንዱ ክር የራሱ ቦታ ሲኖረው ነው። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የደረታቸውን መጥበብና የአንደበታቸውን መተሳሰር ለጌታቸው ገልጸው፣ ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆኗቸው ለምነው የለምን? ልመናቸውም ተሰምቷል። ረዳት መሻት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የሕክምናው ዕውቀትም ከዚህ አይርቅም። ሰው ሲሠጋ አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይበዛል፤ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ሆዱ ይታወካል። ስለዚህ የልጁ የሆድ ቁርጠት እውነተኛ ሕመም ነው። የሚፈራውን ነገር ሁልጊዜ የሚሸሽ ልጅ ፍርሃቱ ይጠናበታል፤ ጥቂት በጥቂት፣ ከሚያምነው ሰው ጋር የሚቀርብ ግን ይለማመደዋል።

እንግዲህ ወላጆች፣ የሚፈራ ልጅ ያላችሁ፣ ትንሽ ግን እውነተኛ ሥራ ስጡት። ለእንግዳ ውሃ ያቅርብ፤ ከወንድሙ ጋር ሱቅ ሲላክ ሒሳቡን እርሱ ይያዝ፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ያለ እርሱ የማይሞላ አንድ ነገር ይኑረው። ሥጋቱ ለሳምንታት እንቅልፉን፣ ምግቡን ወይም ትምህርቱን ከከለከለው ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ መታከም ነውር የለበትም። ልጅ አደራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለልጁም በዐቅሙ አደራ መስጠት እንደሚገባን ግን እንዘነጋለን።