«እሺ» ስለምትለው ቁልፍ

በስልካችን መስታወት ላይ ብቅ እያለች «ይላክ?» «ይጥፋ?» ብላ የምትጠይቀንን ትንሽ ሣጥን ሁላችንም እናውቃታለን። ባለሙያዎች ዲያሎግ ቦክስ ይሏታል። ከግርጌዋ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፎች አሉ። አንዱን መንካት የቅጽበት ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን ከአፍ እንደ ወጣ ቃል የማይመለስበት ጊዜ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በጣት መላክ በየገበያው እየተለመደ ሄዷል። እንግዲህ ይህች ሣጥን የብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብ የሚያልፍባት በር ናትና እንደ ቀላል ነገር አትታይም።

እናቴ በሆሳዕና ገበያ ቆጮና ቅቤ ትነግዳለች፤ የዕቁባቸውንም መዝገብ የምትይዝ እርሷ ናት። እኔም መዝገቡን ከደብተር ወደ ስልክ ለማዛወር በኮትሊን ቋንቋ አንዲት አነስተኛ መተግበሪያ እየሠራሁላት ነው። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ስልኳን እንዴት እንደምትጠቀምበት ተመለከትሁ። ሣጥን ብቅ ባለ ቁጥር ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ትነካለች። «እማዬ፣ ምን እንደ ጠየቀሽ ሳታውቂ ስለ ምን እሺ ትያለሽ?» ብላት፣ «ታዲያ ሲጠይቀኝ ዝም ልበለው?» አለችኝ።

ነገሩን ባስበው እውነቷን ነው። በአገራችን «እሺ» የአክብሮት ቃልም ነው። ለሽማግሌም ለመምህርም እሺ እንላለን፤ «ሰምቻለሁ» ማለታችን እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለታችን ላይሆን ይችላል። እናቴ አፏን የፈታችው በሀዲይኛ ስለ ሆነ፣ ከአማርኛ መጀመሪያ ያወቀችው ቃል ይኸው እሺ እንደ ነበረ ትናገራለች። በጨዋነት የተሰጠችን እሺ እንደ ፈቃድ ቈጥሮ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ፍርደ ገምድልነት አይደለምን?

ስለዚህ ቁልፎቹን በሚከተለው መንገድ መቈጣጠር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ቁልፉ የሚሠራውን ሥራ በስሙ ይናገር። በእናቴ መተግበሪያ አንዱ ቁልፍ «500 ብር ይመዝገብ»፣ ሁለተኛው «ይቅር» ይላል። «መዝግብ» ወይም «መዝግቢ» ቢል ወንድና ሴት መለየት ግድ ይሆናል፤ «ይመዝገብ» ግን ለሁሉም ይስማማል።

ሁለተኛ፣ የገንዘቡ ልክ ሳይጻፍ ቁልፉ ደንዝዞ ይቈይ። ይህም በአንድሮይድ «ሰት ኢኔብልድ» በሚባለው ትእዛዝ ይፈጸማል።

ሦስተኛ፣ የተጻፈው ሳይመረመር ሣጥኑ አይዘጋ። የአንድሮይድ አለርት ዲያሎግ ከሦስቱ ቁልፎቹ አንዱ በተነካ ጊዜ፣ የተጻፈው ቁጥር የተሳሳተ ቢሆንም እንኳ፣ ወዲያው መዘጋት ልማዱ ነው። ይህን ለማገድ ሣጥኑ ከታየ በኋላ «ጌት በተን» በሚለው ትእዛዝ ቁልፉን አግኝቶ የራስን መመሪያ መስጠት ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ቁልፍ ሣጥኑን የሚዘጋው፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ተገኝቶ ፕሮግራሙ «ዲስሚስ» ሲል ብቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ጥያቄ ሲበዛ ሰው ማንበብ ይተዋል። ሊታረም ለሚችል ነገር ሣጥን ከማስነሣት ይልቅ ሥራውን ፈጽሞ «መልስ» የሚል ቁልፍ መተው ይሻላል። ሣጥኑ ለማይመለሰው ነገር ብቻ ይቀመጥ።

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በይፋ ከተጀመረ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ በስልክ የፈሰሰ ገንዘብ ግን ለመልቀም እንኳ አይመችም። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ አንዲት ቁልፍ በሠራን ቁጥር፣ በፀሐይ መካከል በአንድ እጇ ሚዛን ይዛ በሌላው የምትነካትን ነጋዴ እናስባት።