ማርትሬዛችን ስንት ያወጣል?

አል-ሳሃፋ ውስጥ በብዙ ሐበሻ ቤት፣ ከሳጥኑ ሥር አንድ ሁለት ማርትሬዛ ብር አይጠፋም ነበር። ከአያት የወረደ፣ በጥሎሽ የመጣ ወይም ከአንገት ጌጥ የተፈታ ነው። በመተማ በኩል ዕቃ ስናመላልስ ለኖርን ሴቶች የክፉ ቀን ገንዘባችን እሱ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ክፉው ቀን መጣ። ለመኪና ኪራይ የቸኮልን ሁሉ ገዢ የጠራውን ተቀበልን። ገዢው ሚዛን ነበረው፤ እኛ ግን የምንከራከርበት ቁጥር አልያዝንም። ይህን የምንጽፈው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ወለሉን እንወቅ። ማርትሬዛ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹህ ብር ነው። ንጹሁ 23.4 ግራም ገደማ ሆነ ማለት ነው። የዓለም ገበያ ብርን በአውንስ ይጠራል፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ የዕለቱን ዋጋ በስልክ አይታችሁ በ0.75 አባዙት። ቢቀልጥ እንኳ የሚያወጣው ያን ያህል ነው።

ከወለሉ በላይ ያለውን የሚወስነው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ገንዘቡ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይም ተመታ። «1780 ይላልና ጥንታዊ ነው» የሚል ክርክር አያዋጣም። የተለመደው ከብሩ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ሰብሳቢ የሚጨምረው ላልተለመደ ምልክትና ለደህና ይዞታ ነው። ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብርም እንደዚሁ ነው። የተበሳ፣ ማንጠልጠያ የተበየደበት፣ በአመድና በሎሚ የታሸ ሁሉ ዋጋው ይወርዳል። እባካችሁ፣ እንዲያበራ ብላችሁ አትሹት።

በጨረታ ደግሞ የሰው ፍላጎት ይጨመራል። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል የ1952 ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ወረቀት ነው፤ ቢቀልጥ የሚተርፈው ነገር የለም። ዋጋውን የሰቀለው ሳይጎሳቆል መቆየቱና የሚፎካከሩ ገዢዎች መኖራቸው ነው። ያው ካርድ ጥጋጥጉ ካለቀ ዋጋው እጅግ ያንሳል።

ንግድ ትምህርት ቤት የተማርነው ሂሳብ እዚህም ይሠራል። ሻጭ የጠራውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ እዩ። አንድ ሽያጭ አይበቃም፤ በይዞታ የሚመሳሰሉትን አራት አምስት አስተያዩ። የአጫራቹን ድርሻ ቀንሱ። ገዢ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ጨረታ አይባልም፤ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ቅርስ የሚባል ዕቃ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ እንደሚጠይቅም አትርሱ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቸኩላ የሸጠች ግን የምትለቅመውም የላትም። ዛሬ ቀኑ ደህና ሳለ አስመዝኑ፣ ፎቶ አንሱ፣ የወለሉን ዋጋ በወረቀት ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩ።