ኢትሃድ መንገድ ላይ ቆመን

ዛሬ ጠዋት ከአጅማን ወደ ዱባይ ስንሄድ ካርሊፍቱ ውስጥ ጦርነት ተነሳ። አምስት አበሻ፣ ሁለት ንጉሥ። ሾፌራችን ቴዎድሮስን ከነካህበት እናቱን ነካህበት ማለት ነው። ከኋላ ያለችው እህታችን ደግሞ "እምዬ ምኒልክ" ካለች አለቀ፣ ሌላ አትሰማም። ሻርጃ ላይ መንገዱ ተዘጋ። የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እንኳ 7 ቶን ያህል እየመዘነች ወደ መቅደላ ስትጎተት ከኛ መኪና ሳትፈጥን አትቀርም።

እኔ እንደምታውቁኝ የቴዎድሮስ ሰው ነበርኩ። "ነበርኩ" ማለቴን ልብ በሉ። ሚያዝያ 1860 እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን የጠጣ ንጉሥ በሃያ ዓመቱ ልቡን ያላነደደው ማን አለ?

ከዚያ ቤድ ስፔስ ገባሁ።

ካነሳሁት አይቀር፣ ሻርጃ የመጀመሪያው ክፍሌ ውስጥ ስምንት ነበርን። የኤሲው ሪሞት አንድ ሰው ትራስ ሥር ነው የሚያድረው፣ ቀድሞ ስለገባ ብቻ! በነሐሴ ቀቀለን። አንድ ሌሊት ቴዎድሮስ ሆንኩና ጮኼ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጀግና! 300 ድርሃም ዲፖዚቴ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው። (ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ አልረሳሁም።) አብሮኝ የነበረው የሐረር ልጅ ዝም ብሎ ቡና እያፈላ፣ ሰውየውን እያሳቀ ቆየ። በሦስተኛው ወር ሪሞቱ እሱ እጅ ገባ።

ምኒልክም መቅደላ ላይ 10 ዓመት ያህል በሰው እጅ ነው ያደገው። ቴዎድሮስ እንደ ልጁ ያዘው፣ ልጁን አልጣሽንም ዳረለት። በ1857 ሲያመልጥ ግን ሚስቱን እዚያው ትቷት ነው (ይሄን ለእህታችን ብነግራት ከመኪና ታወርደኝ ነበር)። ትዕግሥትን የተማረው እዚያ ይመስለኛል። ሰው ቤት ያደገ ፊት ማንበብ ያውቃል፤ ካፊል ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። በ1881 ከጣልያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል፣ 17ኛው አንቀጹ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ሆኖ ሲገኝ ምኒልክ ደብዳቤ ጻፈ፣ ውሉን ሻረ፣ ጠመንጃ ሰበሰበ። ዓድዋ 1888 ነው።

ደግሞ የቆምንበት መንገድ ስሙ ኢትሃድ፣ አንድነት! እነ ሼክ ዛይድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1971 ሲጀምሩት ስድስት ኤምሬቶች ነበሩ። ራስ አልኸይማ የመጣችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቴዎድሮስ ቢሆን በማግሥቱ ይዘምትባት ነበር አልኩ።

"ነዳጅ ያለው ሰው ምን ያስቸኩለዋል?" አለ ሾፌሩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ዞር ሳይል፣ "ቴዎድሮስ ባይጀምረው ምኒልክ ምኑን ይዞ ይታገሥ ነበር?"

መኪናው ጸጥ አለ። ዴራ ድረስ ማንም አልተነፈሰም።

ሥራ ገባሁ፣ ቻው።