ከድንጋዩ ሥር የተወሰደው አፈር

ማርስ ላይ ሕይወት ይኖር እንደሆነ በተጠየቀ ቁጥር ወሬው ወደ ውኃ ያመራል። ፀሐይን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ምድር ኦዞን አላት፤ ከ290 ናኖ ሜትር በታች ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያስቀርልናል። የማርስ ስስ አየር ግን በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ የሚያግደው ከ200 ናኖ ሜትር ገደማ በታች ያለውን ብቻ ነው። ሆስፒታሎች ጀርም የሚገድሉበት መብራት 254 ናኖ ሜትር ላይ ይሠራል። የማርስ ሜዳ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ብርሃን ሲወርድበት ይውላል።

እ.ኤ.አ. በ1976 የናሳ ሁለት ቫይኪንግ መንኮራኩሮች እዚያ አረፉ። ከሙከራዎቹ አንዱ የጊልበርት ሌቪን ነበር፤ ሰውየው የውኃን ብክለት ሲመረምር የኖረ መሐንዲስ ነው። ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ያለበት ምግብ አፈሩ ላይ ጠብ ይደረጋል፤ የሚበላው ካለ ካርቦኑን በጋዝ መልክ ይተነፍሰዋል። ጋዙ ወጣ! ሌላው መሣሪያ ግን የማርስ ነው የሚባል የካርቦን ውህድ አጣ። ብዙዎች ጣታቸውን ወደ አልትራቫዮሌት ቀሰሩ፤ ጨረሩ አፈሩ ውስጥ የሚፈጥረው ኬሚካል ይሆናል ጋዙን ያወጣው አሉ።

ቀጥሎ የሆነው ብዙ አይወራም። የቫይኪንግ 2 ክንድ አንድ ድንጋይ ገፍቶ፣ ፀሐይ ካላየው ሥሩ አፈር ዘገነ። ያም አፈር ጋዝ ሰጠ። የዕለቱ ብርሃን ብቻ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ታወቀ፤ ነፋስ ያመላለሰው አሮጌ ኬሚካል ሊሆን የሚችልበት በር ግን አልተዘጋም።

በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘች። ይህ ጨው ሲሞቅ የካርቦን ውህድን ያቃጥላል፤ የቫይኪንግ መሣሪያ ደግሞ የሚሠራው አፈሩን እያሞቀ ነበር። የሚፈልገውን ራሱ አቃጥሎት ይሆናል። በ2017 የኤድንብራ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ፐርክሎሬት በአልትራቫዮሌት ሲመታ ባክቴሪያን ይበልጥ እንደሚገድል አሳዩ። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል።

የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ጨረር ለማገድ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር እንኳ ይበቃል። ጠልቆ የሚገባው የሕዋ ጨረር ነው፤ ለእሱ ሲባል ለ2028 የታቀደችው የአውሮፓ ሮቨር ሮዛሊንድ ፍራንክሊን 2 ሜትር የሚወርድ መሰርሰሪያ ይዛለች። ናሳ ግን ከቫይኪንግ ወዲህ ሕያው ነገርን በቀጥታ የሚፈትሽ ሙከራ ማርስ ላይ አላሳረፈም። ይሄን ያህል ዓመት የድንጋይ ፎቶ ሲሰበሰብ ያን ፈተና አሻሽሎ መድገም እንዴት ተረሳ? ሌቪን ሕይወት አግኝቻለሁ እንዳለ በ2021 በ97 ዓመቱ አረፈ።