ሁለት የተንሸራተቱ ዲስኮች

እኛ ቤት ስለ መኪና የሚወራው በግማሽ ጣልያንኛ ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ። አባቴ በወጣትነቱ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኖ ሲሠራ የለመዳቸው ቃላት ናቸው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ከእሱ አፍ ሰምቼ አደግሁባቸው። ብዙዎቹ ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችን በቆየበት ጊዜ ከካሚዮኑና ከመንገድ ሥራው ጋር የገቡ ናቸው። ጣልያን ሄደ፣ ካቻቢቴው ቀረ።

ባለፈው ሚያዝያ ወደ ተራራው ስንወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። አባቴ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማና «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል» አለ። መኪናው የ1991 ሞዴል ቶዮታ ፎርራነር ነው፤ ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ። ክረምት ላይ ለክሊኒክ ልምምድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል በበረዶ ስወጣ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ጋራዥ ጠየቅን፤ 1,400 ዶላር አሉን። እማዬ «ሽጡት» አለች። አባቴ «ዕቃው 170 ዶላር ነው፤ የቀረው ጉልበት ነው» አለ።

ችግሩ ያ ጉልበት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሐኪም ለአባቴም የነገረው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ዲስክ ተንሸራቷል። የእሱ ታችኛው ወገቡ ላይ ነው፤ ሕመሙ በግራ እግሩ እስከ ተረከዙ ይወርዳል። የአየር ማረፊያውን የሌሊት ሥራ እንኳን በእረፍት ነው ያቆመው። እንዲህ ያለ ሰው ከመኪና ሥር ተኝቶ ካምቢዮ ላውርድ ሲል ምን ይባላል? እኔ ያልኩት «አንተ ወንበር ላይ፣ እኔ ሥር» ነው። ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ዝም አለ።

ለማታውቁት፣ ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚለያይ ነገር ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ከባድ የብረት ክብ አለ፣ ቮላኖ ይሉታል። በእሱና በአንድ በስፕሪንግ በሚጫን ሳህን መካከል ዲስኩ ይጣበቃል። ፔዳሉን ስትረግጡ ሳህኑ ይለቀዋል፤ ስትለቁ መልሶ ይይዘዋል። ዲስኩ በልቶ ሲሳሳ ግን መያዙ ይደክማል። ዲስኩን ለመቀየር እንግዲህ ካምቢዮው ከነ አራት ጎማ ማከፋፈያው መውረድ አለበት፤ ሁለቱ አንድ ላይ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት አላቸው።

ነርሲንግ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሚነግሩን ነገሮች አንዱ፣ በሽተኛ ስናነሳ በእጃችን የምንሸከመው ከ35 ፓውንድ፣ ማለትም 16 ኪሎ ገደማ፣ እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ማንሻ ማሽን አምጡ ይሉናል። ስለዚህ የካምቢዮ ክሪክ ተከራየሁ። አባቴ «እኛ ደረታችን ላይ ነበር የምናወርደው» አለ። ወገቡን እያየሁ ምንም አልመለስኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርን። የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፤ መኪናውን በአራት ማቆሚያ ላይ አሳረፍኩ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሞኝነት ነው። የማርሽ ዘንጎቹ ከውስጥ በኩል ወጡ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን ረዣዥም ዘንጎች፣ እንደነበሩ እንዲመለሱ በቀለም ምልክት አድርጌ አወረድኩ። ሞተሪኖውን ፈታሁ። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ብሎኖቹን እየተቀበለ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ በየተራ ደረደረ። በየደቂቃው ሊነሳ ይቃጣዋል።

ካምቢዮው ሲወርድ ውስጡ ጥቁር አቧራ ሞልቶት ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ እፍ ሊል ሲል እጁን ያዝኩት። የድሮ ፍሪሲዮንና ፍሬን ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ አሜሪካ እንኳን ለእነዚህ ዕቃዎች መከልከያ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በሽታው ደግሞ ከ20፣ ከ40 ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። በውሃ አርጥቤ በጨርቅ ጠረግሁት። አባቴ ትንሽ ቆይቶ «ጌታዬ ሁልጊዜ ያስለው ነበር» አለ፤ ሥራ ያስተማረውን ሰውዬ ማለቱ ነው። «ሲጋራ አያጨስም። ሲሞትም በምን እንደሆነ የመረመረ የለም።» እኔም አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን ጨርቁን እያረጠበ የሚያቀብለኝ እሱ ሆነ።

አሮጌው ዲስክ እስከ ሪቬቶቹ በልቷል። ቮላኖውን ፊቱን አስልሰን መለስነው፤ ኩሽኔታዎቹንም ቀየርን። አዲሱ ዲስክ መሃል ላይ እንዲቀመጥ በፕላስቲክ ዘንግ ይዤ፣ የሳህኑን ብሎኖች በመስቀል አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት አጠበቅሁ። ይህ ቀላሉ ነበር።

ካምቢዮው ሲመለስ አልገባም አለ። የጣት ስፋት ያህል ሲቀረው ቆመ። በብሎን ስቦ ማስገባት ዕቃ ይሰብራል፤ ክብደቱን ዲስኩ ላይ ማንጠልጠል ደግሞ አዲሱን ዲስክ ያጣምመዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስነቀንቅ አባቴ ተነሳ፤ አንድ ጉልበቱን መሬት አድርጎ ሊገባ ጀመረ።

«አባዬ፣ ቁጭ በል!»

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው። ሌላ በሽተኛ እዚህ የለም።»

እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ጎረቤት አጥር አዞረ፤ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ አጥሩን እያየ «ማርሽ አስገቢ» አለ። አስገባሁ። «አሁን የኋላውን መውጫ በእጅሽ አዙሪው። ቀስ። ጥርሱ ጥርሱን ይፈልጋል።» አዞርኩ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ከውስጥ ድው የሚል ድምፅ ተሰማና ካምቢዮው ሞተሩ ላይ ገጠመ።

«ገባ?» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ገባ።»

«እንዴታ!»

እሑድ ማታ መኪናው ተነሳ። አዲስ ፍሪሲዮን እስኪላመድ ድረስ 500 ማይል ያህል በእርጋታ መነዳት አለበት፤ ያንን የምነዳው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም የአባቴ ግራ እግር ፔዳል ለመርገጥ ገና ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ፊዚዮቴራፒ አደርሰዋለሁ። ጎኔ ይቀመጣል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሰው፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ ያወራል። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ግን ያ ግራ እግሩ ባዶውን ወለል ይረግጣል።