በኪራይ የተያዘ ስም

በሥዕልም ሆነ በድርሰት፣ በቅርጽም ሆነ በዜማ፣ አንድ የጥበብ ሰው የዘመኑን እውነት በታማኝነት መስሎ ሲያቀርብ ሥራው ለሚመጣው ትውልድ ምስክር ሆኖ እንደሚቆይለት ከጥንት ጀምሮ የታመነ ነገር ነው፤ በአንድ ዘርፍ ግን ይህ ሥርዓት ተገልብጦ፣ እውነተኛውን ዓለም የመሰለው ሥራ ቶሎ ሲያልፍ፣ ፈጠራ የሆነው ደግሞ ዕድሜ ሲያገኝ እናያለን። ይኸውም ብዙዎቻችን «የመኪና ጌም» እያልን የምንጠራው የእሽቅድምድም የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የቆየ ልብ ወለድ ዳግመኛ ይታተማል፣ የቆየ ፊልም ታድሶ ይታያል፤ የቆየ የመኪና ጌም ግን ገዢ እየጠየቀው፣ ሠሪውም በሕይወት እያለ፣ ዳግመኛ ሊወጣ ያልቻለበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚህን ነገር ምክንያት በሰፊው ልጽፍላችሁ አሰብሁ፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ ከአውትራን እንጀምር። የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ በ1986 ያወጣው ይህ ጨዋታ፣ ዩ ሱዙኪ የተባለው ባለሙያ በአውሮፓ አገሮች በመኪና ተዘዋውሮ መንገዱንና መልክዐ ምድሩን ካጠና በኋላ የደረሰው ሲሆን፣ ተጫዋቹ ጣሪያ የሌላትን ቀይ መኪና እየነዳ፣ በየመንታ መንገዱ ግራውን ወይም ቀኙን እየመረጠ፣ ከዐሥራ አምስቱ ምዕራፎች አምስቱን አልፎ ከአምስቱ ፍጻሜዎች ወደ አንዱ የሚደርስበት፣ ከእሽቅድምድም ይልቅ ሽርሽር የሚመስል ሥራ ነው። ያች ቀይ መኪና የፌራሪን ቴስታሮሳ እንደምትመስል ያየ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከፌራሪ የተሰጠ ፈቃድ ግን አልነበራትም። ሴጋ በ2003 አውትራን 2ን ሲያወጣ ግን ዘመኑ ተለውጦ፣ የጨዋታውም ንግድ ገንኖ ስለ ነበረ፣ ከፌራሪ ጋር በሕግ ተዋውሎ መኪናዎቹን በየስማቸውና በየአርማቸው አስገባ። በዚህ መሠረት ላይ በ2006 «ኮስት ቱ ኮስት» የተባለው ቅጂ፣ በ2009 ደግሞ በኢንተርኔት መደብር ብቻ የተሸጠው አውትራን ኦንላይን አርኬድ ተከታትለው ወጡ። ከዚያ በኋላ የፌራሪ ፈቃድ ዘመኑን ፈጸመ፤ ኦንላይን አርኬድም የ2011 ዓመት ሳያልቅ ከሶኒም ከማይክሮሶፍትም መደብር ተነሣ፤ በዲስክ ያልታተመ ሥራ በመሆኑም፣ ዛሬ ገንዘቡን ይዞ በቅን ልብ ሊገዛው ለሚሻ ሰው የሚከፈት በር የለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ያለ ፈቃድ የተሠራው የ1986ቱ አውትራን፣ በኋለኞቹ ቅጂዎች የመኪናይቱ መልክ ከፌራሪ ጥቂት እንዲርቅ ተደርጎ በየጊዜው እንደገና ሲወጣ ኖሮአል፤ ሕጉን አክብሮ፣ ተፈራርሞና ከፍሎ የተሠራው የ2006ቱ ግን ተቀብሮ ቀርቶአል። በመጀመሪያው ሥራ ውስጥ ፌራሪነት እንደ ቀለም ከላይ የተቀባ ብቻ ስለ ነበረ ፍቆ ሌላ መቀባት ተቻለ፤ በሁለተኛው ግን የመኪናው ስም፣ ቅርጹና አርማው ከጨዋታው ሥጋና አጥንት ጋር ስለ ተዋሐዱ፣ አንዱን ከሌላው መለየት ሥራውን እንደ አዲስ የመሥራት ያህል ሆነ። ሕግን የጠበቀው ተቀጥቶ፣ በዘፈቀደ የሠራው መትረፉ ፍትሕን ለሚወድ ኅሊና የሚከብድ ነገር ነው።

ፈቃድ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘላለም የሚያዝ ርስት ይመስለዋል፤ እንዲያ ግን አይደለም። የመኪና ፋብሪካው ስሙን፣ አርማውንና የመኪናውን ቅርጽ ለጨዋታ አሳታሚው የሚሰጠው በዘመን ወስኖ ነው፤ ዘመኑ ሲፈጸም አሳታሚው ጨዋታውን ለአዲስ ገዢ መሸጥ አይችልም። በሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ጭሰኛ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም የእጁ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ውሉ ባለቀ ጊዜ ሁሉን ጥሎ እንደሚወጣ፣ ጨዋታ ሠሪውም የራሱን ድካም ለመሸጥ የባለ መሬቱን ዳግመኛ ፈቃድ ይለምናል፤ «በሰው ምድር ልጇን ትድር» የሚለው የአበው ተረት ለእንዲህ ያለው ነገር የተተረተ ይመስላል። የማይክሮሶፍትን የፎርዛ ተከታታይ ሥራዎች የተመለከተ ሰው ይህን በግልጥ ያየዋል፤ የ2012ቱ ፎርዛ ሆራይዘን በ2016፣ የ2014ቱ ሁለተኛው በ2018፣ የ2016ቱ ሦስተኛው በ2020፣ የ2017ቱ ፎርዛ ሞተርስፖርት 7 በ2021፣ አራት አራት ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ ከመደብር ተነሥተዋል። የ2018ቱ ፎርዛ ሆራይዘን 4 ጥቂት ዕድሜ ተጨምሮለት ዲሴምበር 15 ቀን 2024 ተሰናብቶአል። ቀድሞ የገዛቸው ሰው ዛሬም ሊጫወታቸው ይችላል፤ ትናንት ያልገዛ ግን አይገዛቸውም። እነዚህን ሥራዎች ያነሣቸው እርጅና አይደለም፣ የገዢ መታጣትም አይደለም፤ በውል ወረቀት ላይ የተጻፈ ቀን ነው።

ባለ መሬቱም አንድ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። በአንድ የእሽቅድምድም ጨዋታ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ የመኪና ፋብሪካዎች፣ የውድድር ሜዳ ባለቤቶች፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳ ስማቸው የተጻፈ ነጋዴዎች፣ ከመኪናው ሬዲዮ የሚሰሙት ዘፈኖች ባለ መብቶች ይገኛሉ፤ ሁሉም የየራሱ ውልና የየራሱ ነገረ ፈጅ አለው። በ1999 የወጣው የሴጋ ክሬዚ ታክሲ ለዚህ ማስረጃ ነው። ተሳፋሪዎቹ ወደ ፒዛ ሃት፣ ወደ ኬኤፍሲ፣ ወደ ታወር ሬከርድስ አድርሰን እያሉ ይሣፈሩ፣ ተጫዋቹም የዘ ኦፍስፕሪንግንና የባድ ሪሊጅንን ዘፈን እየሰማ ይከንፍ ነበር፤ በ2010 ዳግመኛ ሲወጣ ግን የንግድ ቤቶቹ ስም በፈጠራ ስም፣ ዘፈኖቹም በሌሎች ዘፈኖች ተተክተው ስለ ተገኙ፣ ጨዋታውን የሚያውቁት ሰዎች የሚወዱትን ከተማ ሰው ቀይሮ እንዳገኙት ቆጠሩት። ዴይቶና ዩኤስኤ የተባለው የሴጋ ጨዋታም ስሙን የወሰደው በፍሎሪዳ ካለው የውድድር ሜዳ ነውና፣ የ1998ቱ ዴይቶና ዩኤስኤ 2 በ2023 በሌላ የሴጋ ጨዋታ ውስጥ ተጨምሮ ሲመጣ «ሴጋ ሬሲንግ ክላሲክ 2» ተብሎ ነበር። አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስም የ2010ሩን ኒድ ፎር ስፒድ ሆት ፐርሱት በ2020 አድሶ ሲያወጣው ሁለት የመርሴዲስ መኪናዎች ጎድለውበት ነበር፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ ካርበንንና አንደርከቨርን ጨምሮ የዚሁ ተከታታይ አምስት የቆዩ ክፍሎች ከመደብር ተነሡ።

አሳታሚው ስለምን ውሉን አያድስም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አዲስ ጨዋታ ሲወጣ የሚጠበቀው ትርፍ ትልቅ ስለሆነ ለሁሉም ባለ መብት መክፈልና ለሁሉም ነገረ ፈጅ መጻፍ ያዋጣል፤ ዐሥር ወይም ሃያ ዓመት ላስቆጠረ ሥራ ግን የሚጠበቀው ገቢ ትንሽ ሆኖ ሳለ ድካሙ እኩል ነው፤ ከሠላሳ ባለ መብት ሃያ ዘጠኙ እሺ ብለው አንዱ እንቢ ቢል ወይም ኩባንያው ተሸጦ መብቱ በማን እጅ እንዳለ ባይታወቅ ሥራው በሙሉ ይቆማል። በዚህ ላይ የብቸኝነት ውል የሚባል አለ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የፖርሸን ስም በጨዋታ ውስጥ ለብቻው ይዞት ስለ ነበረ፣ ሌሎች አሳታሚዎች ወይ ከእርሱ መለመን፣ ወይ በፖርሸ አካል ላይ በራሱ ስም መኪና የሚሠራውን ሩፍ የተባለውን የጀርመን ፋብሪካ መኪናዎች ማስገባት ነበረባቸው፤ ግራን ቱሪስሞ የተባለውን የእሽቅድምድም ጨዋታ የተጫወተ ሰው ሩፍን ከፖርሸ በፊት ያወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ ነፃ የሆነውን ማየት ለሚሻ፣ ናምኮ የተባለው ኩባንያ በ1993 ያወጣውን ሪጅ ሬሰርን ይመልከት። መንገዱ የትም አገር የሌለ፣ መኪናዎቹም ማንም ፋብሪካ ያልሠራቸው ናቸው፤ በፕሌይስቴሽን ቅጂውም ብዙዎቹ መኪናዎች ናምኮ ራሱ ቀደም ሲል ካወጣቸው ጨዋታዎች በተወሰደ ስም ይጠሩ ነበር። ስለዚህ በ2025፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ የጥንቱ የአርኬድ ጨዋታ እንደ ተወለደ ሆኖ ለዘመኑ ኮንሶሎች ሲቀርብ የውጭ ስም ባለቤት አልተለመነም። ይህን ያየ ወጣት ጨዋታ ሠሪ ከእውነተኛው ዓለም መራቅ ይሻለኛል ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል? የዘመናችንን መኪናዎች፣ ጎዳናዎችና ዜማዎች በታማኝነት መዝግቦ ለልጅ ልጅ ሊያቆይ የሚችል ጥበብ፣ ሕይወቱን ለማትረፍ ሲል ዘመኑን እንዲረሳ ይገደዳል ማለት ነው።

ለመኪና ሠሪዎቹም ቢሆን በቅንነት መፍረድ ይገባል። ስም የድካም ፍሬ ነው፤ ፌራሪም ሆነ መርሴዲስ በብዙ ዓመት ትጋት ያከበሩትን ስም ሌላው በነፃ ወስዶ ይነግድበት የሚል ሕግ ፍትሐዊ አይሆንም። ይሁን እንጂ መብቱ ወሰን የሌለው አይደለም። ሃምቪ የተባለውን የጦር መኪና የሚሠራው ኤኤም ጄኔራል፣ መኪናዬን ያለ ፈቃዴ ኮል ኦፍ ዱቲ በተባለው ጨዋታ ውስጥ አስገብታችኋል ብሎ አክቲቪዥንን በከሰሰ ጊዜ፣ የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2020 እውነተኛውን ዓለም መስሎ ማቅረብ የጥበብ ዓላማ እንደሆነ ተቀብሎ ለጨዋታ አሳታሚው ፈርዶአል። ሆኖም በእሽቅድምድም ጨዋታ መኪናው ተጓዳኝ ዕቃ ሳይሆን የጨዋታው ዋና አካልና የማስታወቂያው ፊት ስለሆነ፣ አሳታሚዎቹም የመኪናውን ልክና የሞተሩን ድምፅ ከፋብሪካው እጅ ማግኘት ስለሚፈልጉ፣ ተካሶ ከመርታት ይልቅ ተስማምቶ መክፈልን ይመርጣሉ። በስምምነቱም እየከፈሉ መኪናው ሲጋጭ ምን ያህል ይጎዳ የሚለውን እንኳ ለባለ ስሙ ፈቃድ ይተዋሉ።

ጉዳቱ በገዢው ብቻ የሚቆም አይደለም። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 ከመቶው በዚያን ጊዜ በንግድ አይገኙም ነበር፤ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የመብት ውስብስብነት ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉትን ሥራዎች ተመራማሪ በሩቅ ሆኖ እንዲያጠናቸው ይፍቀዱልን ብለው ቢጠይቁ፣ የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት በ2024 ልመናቸውን አልተቀበለም። በዚያው ዓመት ዩቢሶፍት የተባለው አሳታሚ የ2014ቱን የእሽቅድምድም ጨዋታ የዘ ክሩን ሰርቨር ሲዘጋ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የፈቃድ ገደብ መሆኑን ገልጦ ነበር፤ ጨዋታው ያለ ሰርቨር ስለማይሠራም፣ በዚህኛው ዲስኩን በመደርደሪያው ያኖረ ሰው እንኳ ባዶ እጁን ቀረ። ከዚህ የተነሣ፣ የተሸጡ ጨዋታዎች እንዲህ እንዳይዘጉ ለመጠየቅ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተጀመረው የፊርማ ዘመቻ በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፈራሚ አግኝቶአል።

እንግዲህ ፍርዴን በአጭሩ ልናገር። ጥፋቱ ከባለ ስሙ ስስት ይልቅ በውሉ አጻጻፍ ነው፤ ጨዋታ እንደ ጋዜጣ ለአንድ ሰሞን ተነብቦ የሚጣል ነው ተብሎ በታሰበበት ዘመን የተቀረጸ ውል፣ ጨዋታ የትውልድ መታሰቢያ በሆነበት ዘመን አሁንም ይፈረማል። መድኃኒቱም ከባድ አይደለም፤ ፈቃዱ ለአዲስ ሥራና ለማስታወቂያ በዘመን ይወሰን፤ አንድ ጊዜ ተፈቅዶ የተሠራው ቅጂ ግን ምንም ሳይለወጥ፣ ባለ መብቱም ከሽያጩ ድርሻውን እያገኘ፣ ያለ ቀን ገደብ ይሸጥ ዘንድ በውሉ ይጻፍ፤ ለቤተ መጻሕፍትም ለጥናት የሚሆን በር በሕግ ይከፈት። እስከዚያው ድረስ፣ በቤታችሁ የቆየ የመኪና ጌም ዲስክ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ይህ ጉዳይ በየምክር ቤቱ ሲነሣ ድምፃችሁን አሰሙ፤ በኢንተርኔት መደብር ስትገዙም፣ የገዛችሁት ሥራውን ይሁን ወይስ ቀን የተቆረጠለትን ፈቃድ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።