ጭኮ በሦስት ቀለም

ከአዳማ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ኢተያን ካለፍን በኋላ ስንዴውና ገብሱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ነበር፤ አሰላ ስንደርስ ጋቢ አስፈለገን። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ጭላሎ ግን ጉም ለብሶ አልታይ አለ።

ልጆቻችሁን ወይም የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ የገብስ አገር መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ገብሱ ከገበሬው ማሳ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ፣ ከዚያም ወደ ቢራ ጠማቂዎች ይሄዳል። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ግን የቢራው ስም ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ በገብሱ የራሷን ስም ማስጠራት ፈለገች። ሥራዋን ለቃ፣ ጭኮ እያሸገች መሸጥ ጀመረች። ጭኮ ለማያውቀው፦ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤ የሚለወስ፣ ቶሎ የማይበላሽ የአርሲ ስንቅ ነው። የእሷ ይጣፍጣል። ይህን የምለው ዘመዷ ስለሆንኩ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ስለሆንኩም ነው።

ችግሩ ማሸጊያው ላይ መጣ። የመጀመሪያው ቢጫ ነበር። ሁለተኛው፣ ማተሚያ ቤቱ ቢጫ ስለጨረሰ፣ አረንጓዴ ሆነ። ሦስተኛውን ጓደኛዋ «ዘመናዊ ይሁን» ብላ፣ ስሙንም ለውጣ፣ ጥቁር አደረገችው። አዳማ ያለው ባለሱቅ «ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ የቢጫዋን ነው» ብሎ ጥቁሩን መለሰው። ያ ሁሉ ጭኮ የተሠራው በቁጠባዋ ነበር።

እህቴ «ሆድ ጽሑፍ አያነብ!» ብላ ተናደደች። እኔ ባለሱቁ ላይ አልፈረድኩም። በስዊድን ዕርዳታ ለጭላሎ ገበሬዎች የተቋቋመው ካዱ፣ ኋላ መላው አርሲን ሲያጠቃልል አርዱ ተብሎ ነበር። የማውቃቸው አዛውንቶች ግን ዛሬም ካዱ ነው የሚሉት። ሰው አንዴ የለመደውን ስም በቀላሉ አይለቅም።

የኃይሌ ገብረሥላሴን ነገርም አነሳሁላት። አሰላ አጠገብ ተወልዶ፣ ደብተሩን በግራ ብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ አደገ። በ1988 አትላንታ ላይ፣ በ1993 ሲድኒ ላይ ወርቅ ሲያጠልቅም ያች ግራ እጁ ደብተር እንደያዘች ዓይነት ታጥፋ ነበር። ፊቱ ሳይታይ በሩጫው ይለያል። ኋላ ሆቴል ሲሠራም ከሐዋሳ ጀምሮ በየከተማው የሰቀለው ያንኑ «ኃይሌ» የሚል ስም ነው። በእኔ ግምት ሌላ ስም ቢያወጣለት፣ እያንዳንዱን ከተማ እንደ አዲስ ማሳመን ነበረበት።

«እሱማ ኃይሌ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ቢሆንም ማታውኑ ለማተሚያ ቤቱ ደውላ ቢጫውን፣ በፊተኛው ስም፣ አዘዘች። ቢጫ ቀለም እስኪገኝም ለመጠበቅ ተስማማች።

ሰማንያን የተሻገረችው እናቴ ስለ ቀለሙ አልተጨነቀችም። «ቅቤውስ?» ብላ ጠየቀች። የጥቁሩ ጭኮ ከፊተኛው ይልቅ ደረቅ ብሎባታል። ልጅቷ አቀረቀረች፤ ቅቤ ሲወደድ ቀንሳ ኖሯል። እናቴ የቅቤ መለኪያውን ጣሳ አስመጥታ፣ የድሮውን ልክ በምስማር ጫረችበት።